የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ እና ግላኮማ፦ እማዬ ጠብታዋን ልትተው ነው

ሚሚ_ከጉለሌ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ የእማዬ ነው። 63 ዓመቷ ነው። ግላኮማ እንዳለባት ካወቅን አራት ዓመት ሆኖናል። ማታ ማታ ላታኖፕሮስት የሚባል ጠብታ ትጠቀማለች። ጠብታው ፍሪጅ በሩ ላይ ከእንቁላሉ ጎን ይቀመጣል። ዜና ሲያልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፣ እኔ ወይ ወንድሜ እናደርግላታለን። እስከ ትናንት አንድም ማታ ዘለን አናውቅም።

ካለፈው ወር ጀምሮ ጨጓራዋን ያቃጥላት ነበር። ሰገራ ታይቶ ኤች ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባት። እስከዚህ ደህና። ከዚያ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከላት። ሰውዬው ነጭ ጋውን ለብሷል። ግላኮማ የሚመጣው ከጨጓራ ባክቴሪያ ነው ይላል። ባክቴሪያው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያዛባል፣ ጋዙ ሲዛባ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ስለዚህ ባክቴሪያውን ግደሉ፣ ጠብታውን ጣሉ ይላል። መጨረሻ ላይ ጋዙን ይጨምራል እያለ የቀይ ሥር ዱቄት ይሸጣል።

እማዬ «ምንጩ ሳይደርቅ ወንዙ ላይ ምን አታገለኝ» አለች። ትናንት ማታ ጠብታውን እንቢ ብላ ተኛች። የጨጓራውን መድኃኒት ስትጨርስ «እናያለን» ነው የምትለው።

እኔን የጨነቀኝ ደግሞ ጎግል ሳደርግ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ የዋሸ አለመሆኑ ነው። ስለ ባክቴሪያውና ስለ ግላኮማ እውነትም ጥናት አለ። የምታውቁ ካላችሁ በአማርኛ አስረዱኝ። ቁጭ ብዬ የማነብላት ነገር ነው የምፈልገው። ጋዙስ ምንድን ነው? ጥርስ ሐኪም ጋ የሚያስቀው ጋዝ ነው እንዴ?

አቤል_ቀበና · 3፡31

ዛሬ ማታ ጠብታው ይግባ። ሌላውን ነገ እንከራከራለን።

የዓይን_ነገር · 4፡15

አቤል ልክ ነው። ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ውሎዬ ከዚሁ በሽታ ጋር ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ሻይ ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ግፊቱ። ዓይን ውስጥ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ሌት ተቀን ይመረታል። እንባ አይደለም፣ እንባ ውጭ ነው። ይሄ የሚዞረው ውስጥ ነው። ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል ከነጩ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ወንፊት የመሰለ ስስ መረብ አለ። ፈሳሹ በዚያ አልፎ የሽሌም ቦይ ወደሚባል ቀለበት መሰል ቱቦ ይገባል፣ ከዚያም ከደም ጋር ይቀላቀላል። ወንፊቱ ሲጠጥር ፈሳሹ እንደ ልብ አይወጣም፣ ግፊቱ ይጨምራል። ብዙ ሰው ዘንድ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ከዓይን ጀርባ ያለው ነርቭ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ግላኮማ ማለት ግፊት ማለት አይደለም። ግላኮማ የነርቩ ጉዳት ነው። ግፊታቸው 16 ሆኖ ነርቫቸው እየሳሳ የሚሄድ ሰዎች አሉ። ግፊታቸው 25 ሆኖ ለዓመታት ምንም የማይሆኑም አሉ። ተመራማሪዎች ወደ ጨጓራም ወደ ጋዙም የሄዱት በዚህ ቀዳዳ ነው። ግፊት ብቻ ካልሆነ ሌላ ምን አለ? የደም ዝውውር ነው? ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት ነው?

ጋዙ የሚያስቀው አይደለም። ያ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፣ የሩቅ ዘመድ። ናይትሪክ ኦክሳይድ አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክሲጅን ብቻ ነው። ሰውነታችን ራሱ ኤል አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ ይሠራዋል። ዕድሜው ሰከንዶች ነው። የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ሲለቀው ዙሪያውን ላለው ጡንቻ «ላላ በል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፣ ሥሩ ይሰፋል። ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን በዚህ እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ወስደዋል።

ዓይን ውስጥም ሥራው ያው ነው። ወንፊቱን ያላላዋል፣ ፈሳሹ ይወጣል፣ ግፊት ይወርዳል። በ1995 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ግላኮማ ባለባቸው ሰዎች ወንፊት አካባቢ ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም ምልክት ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አሜሪካ ላታኖፕሮስቲን ቡኖድ የሚባል ጠብታ አጸደቀች። ይሄ ጠብታ የእናትሽ ላታኖፕሮስት ነው፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚለቅ ጅራት ተቀጥሎለት። ማታ አንድ ጊዜ አንድ ጠብታ። ስለዚህ ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ወሬውን ከሜዳ አላነሣውም። የሚገርመው ግን፣ ጣሉት የሚለው ጠብታና የሚያሞግሰው ጋዝ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አብረው የሚሸጡ መሆናቸው ነው።

ሌላኛውን ፊቱን ግን አልነገራችሁም። በርበሬ ወጥ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሌላ ነው። ይሄም ጋዝ እንደዚያ ነው። የሚሠሩት ኢንዛይሞች ሦስት ዓይነት ናቸው። ሁለቱ በልክ በልኩ ያወጣሉ። ሦስተኛው ሰውነት ሲቆጣ፣ ማለትም ኢንፌክሽን ወይ ብግነት ሲኖር ይነሣና በገፍ ያመርታል። በገፍ የወጣው ጋዝ ከኦክሲጅን ቅሪቶች ጋር ሲገናኝ ፐርኦክሲናይትራይት የሚባል መርዝ ይሆናል። የነርቭ ሴል አይችለውም። በ1999 አይጦች ላይ ይህን ሦስተኛ ኢንዛይም በመድኃኒት ሲያፍኑት የዓይን ነርቭ ሴሎች ተርፈዋል ተብሎ ብዙ ተወራ። በ2005 ሌላ ቤተ ሙከራ ያንኑ ሞክሮ ጥቅሙን አላገኘውም። ሳይንስ እንዲህ ነው፣ ቴሌግራም ላይ የሚደርሰን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ናይትሪክ ኦክሳይድ ጨምሩ» የሚል ሰው ሲመጣ «የት? ስንት?» በሉት።

ቀልደኛው_ኬሚስት · 4፡40

ለጨዋታ ያህል። ናይትሮግሊሰሪን የሚባለው የልብ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚለቀው ይሄንኑ ጋዝ ነው። ናይትሮግሊሰሪን ደግሞ የዲናማይት ፈንጂው ነው። አልፍሬድ ኖቤል በዲናማይት ከበረ፣ በስተርጅና ልቡን ሲያመው ሐኪሞች ናይትሮግሊሰሪን አዘዙለት። ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ ጋዙን ያጠኑት ሰዎች በእሱ ስም የተሰየመውን ሽልማት ወሰዱ። ቪያግራም የሚሠራው በዚሁ ጋዝ መንገድ ነው። እንግዲህ ሰውዬው የቀይ ሥር ዱቄቱን ለምን ብቻ ሊሸጠው እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

እትዬ_ዘነበች · 4፡52

ልጄ፣ እዚህ ቤት ትልልቅ ሰዎችም አሉ እኮ።

ቀልደኛው_ኬሚስት · 4፡54

ይቅርታ እትዬ።

ፋርማሲ_ጥግ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

የጨጓራው ወገን ለእኔ ይሰጠኝ። ፋርማሲስት ነኝ። በቀን ስንት ሰው «ባክቴሪያ ተገኘብኝ» እያለ እንደሚመጣ አትጠይቁኝ።

ኤች ፓይሎሪን ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 አገኙት። ያኔ ጨጓራ አሲድ ስለሆነ ምንም አይኖርበትም ነበር የሚባለው። ባክቴሪያው ግን ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይር ኢንዛይም አለው፣ ዙሪያውን አሲዱን እያለዘበ ይቀመጣል። ሰው አላምን ሲል ማርሻል በ1984 ራሱ ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። ታመመ፣ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል አገኙ። ሁለት ኖቤል በአንድ ክር ላይ፣ ጥሩ ነው።

የዓይኑ ታሪክ የተነሣው ከግሪክ ነው፣ ከተሰሎንቄ። በ2001 እዚያ ያሉ ሐኪሞች ግላኮማ ያለባቸውን 41 ሰዎችና የሌለባቸውን 30 ሰዎች ጨጓራ አዩ። ባክቴሪያው ከታማሚዎቹ 88 በመቶው ላይ፣ ከሌሎቹ 47 በመቶው ላይ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ አወጡ። ባክቴሪያው የጠፋላቸው ታማሚዎች ከሁለት ዓመት በኋላ የዓይን ግፊታቸውም የእይታ መስካቸውም ተሻሽሏል አሉ። የሚሚ ሰውዬ የሚያውለበልበው ይሄንን ነው።

ከዚያ በ2003 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ያሉት ሞከሩት። ታማሚዎቹ 26 በመቶ፣ ሌሎቹ 20 በመቶ። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም። በ2008 ከእስራኤል የወጣውም ግንኙነት አላገኘንም አለ። በኋላ ደግሞ የተበታተኑትን ጥናቶች አንድ ላይ የደመሩ ሰዎች መጡና «ስንደምረው ግንኙነት አለ» አሉ። አሁን ያለነው እዚህ ነው።

ሚሚ_ከጉለሌ · 2፡45

ታዲያ የትኛውን ልመን? አንዱ አለ ይላል፣ አንዱ የለም ይላል። እማዬ ይሄን ሳነብላት «አየሽ፣ አለ ብለዋል» ነው የምትለኝ።

(ጠብታው ትናንት ማታ ገብቷል። ወንድሜ «ሐኪሙ ደውሎ ነበር» ብሎ ዋሽቶ ነው።)

ናታንያ_ነኝ · 4፡05

ከእስራኤል ነኝ። እኔ ላይ የደም ምርመራ አድርገው ባክቴሪያ አለብሽ አሉኝ፣ ከዚያ ቤተሰብ ሐኪሜ «የደሙን ተይው» ብላ የትንፋሽ ምርመራ አዘዘችልኝ። ከረጢት ውስጥ ነው የምትነፊው። የለም ተባለ። ሁለቱ እንዴት ይለያያሉ? ፋርማሲ ጥግ፣ ካወቅከው ንገረኝ።

ፋርማሲ_ጥግ · 5፡30

ናታንያ፣ የሚሚን ጥያቄ ራሱ ነው የመለስሽው። የደም ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለባክቴሪያው የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ጎረቤት ቤቱን ለቅቆ ስሙ ፖስታ ሣጥኑ ላይ እንደቀረ ማለት ነው። የትንፋሹና የሰገራው አሁን ያለውን ያሳያሉ።

አሁን ወደ ጥናቶቹ ተመለሱ። ግሪኮቹ ከጨጓራ ሥጋ ቆንጥረው በማይክሮስኮፕ አዩ። ካናዳውያኑና እስራኤላውያኑ ደም መረመሩ። አንዱ ወገን ያለውን ሲቆጥር ሌላው የነበረውንም ጨምሮ ቆጥሯል። ክርክሩ በከፊል የመለኪያ ክርክር ነው። በዚያ ላይ የግሪኮቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ 41 ሰው የአንድ ሰፈር እድር እንኳን አይሞላም።

ሌላም አለ። እኛ አገር ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው ይገኝበታል። ከባክቴሪያው ተሸካሚ ብዙውን ዓይኑን ምንም አይነካውም። ባክቴሪያው ብቻውን ግላኮማ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ግማሻችን በመሪ ነበር የምንሄደው።

እውነት_ፈላጊ · 6፡10

ሁላችሁም የመድኃኒት ድርጅት ጠበቃ ሆናችኋል። ጠብታ ዕድሜ ልክ ይሸጣል። የባክቴሪያው መድኃኒት በሁለት ሳምንት ያልቃል። የቱ ነው የሚያዋጣቸው? እስኪ አስቡ።

ፋርማሲ_ጥግ · 6፡25

ወንድሜ፣ ሁለቱንም የምሸጠው እኔው ነኝ። የሰውዬው የቀይ ሥር ዱቄት ደግሞ ከሁለቱም ይወደዳል።

የዓይን_ነገር · 7፡40

እውነት ፈላጊ፣ ጥርጣሬህ ክፉ አይደለም፣ ግን የተሳሳተ በር እያንኳኳህ ነው። የባክቴሪያውን ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ሐኪሞች ናቸው፣ በሐኪሞች መጽሔት ላይ ነው የወጣው። ማንም አልደበቀውም።

ከጨጓራ ወደ ዓይን እንዴት ይደረሳል የሚለውን ላስቀምጥ፣ ይሄ ክፍል እኔን በጣም ስለሚስበኝ። ባክቴሪያው ራሱ ዓይን ድረስ ይሄዳል የሚል ሐሳብ ላይ ጊዜ አላጠፋም። የሚጠረጠረው ጩኸቱ ነው። ጨጓራ ለዓመታት ሲቆጣ የብግነት መልእክተኞች ደም ውስጥ ይዞራሉ። ደም ሥር የሚያጠብበው ኢንዶቴሊን ይጨምራል። ያ ሦስተኛው ኢንዛይም ይነሣል፣ ጋዙ ያለ ልክ ይወጣል። የዓይን ነርቭን የሚመግቡ ቀጫጭን ሥሮች በዚህ ይጎዳሉ ነው ግምቱ። ግሪኮቹ ደግሞ በዓይን ፈሳሽ ውስጥ የባክቴሪያውን አንቲቦዲ አገኘን ብለዋል።

ባክቴሪያው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አርጂኒን የሚበላ የራሱ ኢንዛይም አለው። ጋዙ የሚሠራው ከአርጂኒን ነው ብያለሁ አይደል? ነጭ የደም ሴል ባክቴሪያውን በጋዙ ሊያፍነው ሲል ባክቴሪያው ጥሬ ዕቃውን ቀድሞ ይበላበታል። አያችሁ፣ አንዱ መንገድ ጋዙን ያበዛዋል፣ ሌላው ያሳንሰዋል። ቪዲዮው ውስጥ እንደተባለው በአንድ መስመር የሚሄድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ እርከን ለየብቻው ታይቷል። ከጨጓራ እስከ ዓይን ድረስ በአንድ ሰው ላይ የተያያዘ ሰንሰለት ግን አልታየም።

ግፊት መቀነስ ነርቭን እንደሚያድን ግን በትልልቅ ሙከራዎች በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ሚሚ፣ ለእማዬ የምታነቢላት ይቺን ዓረፍተ ነገር ነው።

ሸዋዬ_ዲሲ · ከምሽቱ 1፡15

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ግን የአባቴን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

አባቴ ጠብታውን የተወው በቪዲዮ አይደለም። «አያመኝም እኮ፣ ለምን አደርጋለሁ» ብሎ ነው። እውነትም አላመመውም። ስድስት ወር፣ ዓመት፣ ምንም የለም። አንድ እሑድ ቡና እየቀዳች እህቴ ስኒ አቀበለችው። ወደ ግራ የተቀመጠውን ስኒ በጭራሽ አላየውም። የቀኙን ያነሣል፣ የግራው እዚያው ይቀዘቅዛል። እኛ ሳቅን። አረጀ ብለን። ከዚያ በግራ ትከሻው የበር መቃን መምታት ጀመረ። ሐኪም ቤት ሲሄድ የእይታ መስኩ ወረቀት ላይ በግራ በኩል ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያ ጥቁር አልተመለሰም። አሁን ጠብታውን ሰዓት ጠብቆ ይወስዳል፣ የቀረውን ይዞ አለ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስሙ። ጥቁሮች ላይ ግላኮማ ይበዛል፣ ቀድሞም ይጀምራል። ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ጥቁሮች በየ12 ወሩ የግላኮማ ምርመራ ይሸፈንላቸዋል። ወላጆቻችሁን ውሰዷቸው። «ምንም አልሆንኩም» ሲሉም ውሰዷቸው።

ሚሚ_ከጉለሌ · 1፡40

ሸዋዬ፣ የስኒውን ነገር ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ ራሷ ፍሪጁን ከፈተች።

ባለ_ትዳሩ · 2፡05

እግዜር ይማርልሽ። ግን እናትሽ የግፊት ክኒን ትወስዳለች? የምትወስድ ከሆነ የዓይኑንም ግፊት ያው ክኒን ያወርደዋል ይባላል።

የዓይን_ነገር · 2፡20

አይደለም! ይሄን በቀን አሥር ጊዜ ነው የምሰማው። የደም ግፊትና የዓይን ግፊት ሁለት ነገር ናቸው። ስማቸው ነው የተገናኘው። እንዲያውም የደም ግፊት ሌሊት ከልክ በላይ ሲወርድ ነርቩ ደም ሊያንሰው ይችላል። ክኒኑ ለደሙ፣ ጠብታው ለዓይኑ።

ሚሚ_ከጉለሌ · 2፡30

ትወስዳለች፣ አምሎዲፒን። የኮሌስትሮልም አላት፣ ሲምቫስታቲን። የባክቴሪያውን ነገ ትጀምራለች። አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል፣ ለ14 ቀን።

ፋርማሲ_ጥግ · 2፡34

ቆይ ቆይ ቆይ። ክላሪትሮማይሲንና ሲምቫስታቲን አብረው አይወሰዱም። ሲምቫስታቲኑ ደም ውስጥ ይከማችና ጡንቻ ይጎዳል። አምሎዲፒኑንም ከፍ ስለሚያደርገው ግፊቷ ሊወርድና ሊያዞራት ይችላል። ነገ ከመጀመሯ በፊት ላዘዘው ሐኪም ደውዪ። ብዙ ጊዜ ሲምቫስታቲኑ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት እንዲቆም ይደረጋል፣ ግን እሱ ይወስን። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የሌላውን መድኃኒት ካርቶን ይዛችሁ ነበር?

ሚሚ_ከጉለሌ · 2፡37

አልያዝንም። አልጠየቁንምም።

ፋርማሲ_ጥግ · 2፡44

ይኸው ነው። ሌላም ያዢ። መድኃኒቱን ከጨረሰች በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይታ ሰገራዋ በድጋሚ ይታይ። ከዚያ ምርመራ በፊት ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት መቆም አለበት፣ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። «ተሻለኝ» ስትል መሃል ላይ እንዳታቋርጥ። ፌጦውን ለማሳረፊያ ብትጠጣ ጠብ የለኝም፣ ግን ባክቴሪያውን አይገድለውም።

ባክቴሪያው መታከም አለበት እያልኩ ያለሁት ለጨጓራዋ ነው። ቁስለት ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በ1994 ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ዓይኗም ከተጠቀመ ምርቃት ይሁንላት።

የጎመን_ወዳጅ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የቀይ ሥሩን ነገር ማንም አልመለሰም እኮ።

የዓይን_ነገር · 4፡12

እውነትህን ነው። ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን ውስጥ ናይትሬት አለ። ስንበላው ምላስ ላይ ያሉ ደግ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ ከዚያ ጨጓራ አሲድ ውስጥና ደም ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። (ጠንካራ የአፍ መጉመጥመጫ ሁልጊዜ የሚጠቀም ሰው እነዚያን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትም የጨጓራውን መንገድ ያዳክመዋል።)

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ከ100 ሺህ በላይ ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። ናይትሬት በጣም የሚበሉት በጣም ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ነበር። አብዛኛው ናይትሬት የመጣው ከቅጠላ ቅጠል ነው። ግን ይሄ ክትትል ነው፣ ሙከራ አይደለም። ቅጠል የሚበላ ሰው ሌላም ጥሩ ነገር ያደርግ ይሆናል። ደግሞም የሚያወራው ገና ስላልታመመ ሰው ነው። የታመመ ሰው ጎመን በልቶ ጠብታውን ይጣል አላለም።

ዱቄቱን ተዉት። ጎመኑን ብሉ።

የጎመን_ወዳጅ · 4፡30

እኛ ጎመን ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን። ናይትሬቱ አብሮ አይሄድም?

የዓይን_ነገር · 4፡33

ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በትንሽ ውሃ አብስሉት ወይ ውሃውን አትድፉት።

ደም_ቀጭኑ · 5፡10

እኔ ዋርፋሪን፣ የደም ማቅጠኛውን ነው የምወስደው። ጎመን ቀንስ ተብያለሁ።

ፋርማሲ_ጥግ · 5፡25

ዋርፋሪን ላይ ዋናው ነገር መጠኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በጾም ሰሞን በየቀኑ፣ በፍስክ ጭራሽ ምንም ከሆነ ደምህ ይዋዥቃል። የደምህን ምርመራ ለሚከታተልህ ሳትነግር አትቀይር።

ሊሊ_መገናኛ · 6፡00

በዚሁ ጠይቄ ልለፍ። ዓይኔን ሲያሳክከኝ ዴክሳሜታሶን ጠብታ ገዝቼ አደርጋለሁ። ወዲያው ይሻለኛል። ችግር አለው?

የዓይን_ነገር · 6፡04

አለው። ስቴሮይድ ነው። ለሳምንታት ሲደረግ አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ያወጣል፣ ሳያም፣ ሳያቀላ። ስንት ጊዜ ሆነሽ?

ሊሊ_መገናኛ · 6፡09

ሁለት ዓመት። አልፎ አልፎ ግን።

የዓይን_ነገር · 6፡10

ነገ ተለኪ። ሚሚ፣ አንቺም። እናት ወይ ወንድም እህት ግላኮማ ካለባቸው የልጅ ዕድል በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ወንድምሽንም ጎትተሽ ሂጂ። ከባክቴሪያው ይልቅ የቤተሰብ ዘሩ ነው የሚያሳስበኝ።

ሚሚ_ከጉለሌ · ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡50

ተመለስኩ። ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ ነው።

ሲምቫስታቲኑን ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት አስቆመው፣ ስልክ ላይ «ጥሩ አደረግሽ» አለኝ። 14ቱን ቀን ጨረሰች። አፏን ብረት ብረት አለኝ እያለች አማረረች፣ ግን ጨረሰች። ባለፈው ሳምንት ሰገራዋ ታየ። የለም። ጨጓራዋ ተኝቶላታል፣ ሽሮ በቃሪያ ጀምራለች።

ከዚያ ዓይን ሄድን። ተራችን 47 ነበር። ቀኙ 16፣ ግራው 17። ከባክቴሪያው በፊት የነበረውን ካርዱ ላይ አየሁት። 16 እና 17። ጠብታው ሲያወርድላት የነበረውን ይዞ አለ፣ የባክቴሪያው መጥፋት አንድም ቁጥር አላነቃነቀም። የአንድ ሰው ነገር ጥናት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ፋርማሲ ጥግ ሳትቆጣኝ። እማዬ ካርዱን አይታ «ምንጩም ደረቀ፣ ወንዙም እንዳለ ነው» ብላ ሳቀች።

እኔም ተለካሁ። ያቺን ማሽን ታውቋታላችሁ፣ አገጭሽን አስቀምጠሽ ነጥብ ብርሃን ባየሽ ቁጥር ቁልፍ የምትጫኚባት። መጨረሻ ላይ የሌለ ብርሃን ሁሉ አይቼ ስጫን ነበር። ግፊቴ ቀኝ 19፣ ግራ 22። ነርቩ ለጊዜው ደህና ነው፣ በስድስት ወር ተመለሺ አሉኝ። ወንድሜ አሁንም «ሥራ ይዞኝ ነው» እያለ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። እማዬ የጎመኑን ውሃ አሁን አትደፋም። ማታ ጠብታዋን አድርጋ በኩባያ ትጠጣዋለች። ይመራል ትላለች።

እትዬ_ዘነበች · 5፡15

ትንሽ ጨው ጣል አድርጊበት በያት።

የዓይን_ነገር · 5፡16

እትዬ! የደም ግፊት አለባቸው እኮ!